ካቡን ማን ካበው?

የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ከአየር ላይ ሲነሡ ማማራቸውን የሚክድ የለም። ዙሪያው የታረሰና የተጋጠ ቢጫ መሬት፣ መካከሉ ክብ አረንጓዴ፣ በአረንጓዴው እምብርት የቤተ መቅደሱ ጣሪያ። የስኮትላንዱ ፎቶግራፍ አንሺ ኪራን ዶድስ ይህንኑ እያነሣ ለዓለም አሳይቷል። የጄረሚ ሳይፈርት አጭር ፊልም፣ «የኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ደኖች»፣ ውበቱንም ያገኘው በአብዛኛው ከዚያው ከፍታ ላይ ነው።

ፊልሙ አንድ ውለታ ውሎልናል። ስለ ደኑ የሚናገሩት የአገሩ ሰው ናቸው፤ የእኛ አንባቢ በ«እመጓ»ና በ«ዝጎራ» ደራሲነታቸው የሚያውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ። ዶክተሩ በሙያቸው የደን ተመራማሪ ሲሆኑ የዶክትሬት ጥናታቸውንም እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንድ አገር በቫገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያጠናቀቁት በእነዚሁ ደኖች ላይ ነው። ሳይንሱንና እምነቱን ሳያጣሉ አንድ ላይ ማስኬዳቸው የፊልሙ ጥንካሬ ነው።

ቅሬታዬ ከዚህ ይጀምራል። ከላይ የተነሣ ሥዕል ደኑን እንደ ተአምር ያሳያል፤ ሥራውን ግን ይደብቃል። ጉልበት የማይደርስ ችግኝ ከሰማይ አይታይም። የደኑ ዕጣ የሚወሰነው ደግሞ በዚያች ችግኝ ነው። ጽዱ፣ ወይራውና ዋንዛው ቢያረጅ ተተኪው ከሥሩ መብቀል አለበት፤ ከብት እየገባ ከጋጠውና ከረገጠው ግን ደኑ ቆሞ እያለ ወራሽ ያጣል። ዝናቡም የሚይዘው ቅጠላ ቅጠል ሲያጣ ታጥቦ ይሄዳል፤ ምንጩና ጠበሉ ይጎድላል።

መፍትሔው ካብ ሆነ። ገበሬው ከማሳው የለቀመውን ድንጋይ በደኑ ዙሪያ ይክባል፤ ማሳው ከድንጋይ ይጸዳል፣ ደኑም ከከብት ይጠበቃል። አሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ሜግ ላውማን ገንዘብ በማሰባሰብ አግዘዋል። ቢሆንም ድንጋዩን ያነሣው የአጥቢያው ክንድ ነው፤ ካህናቱና ምእመናኑ ተማክረው፣ ተስማምተው። አገራችን ደቦ የሚለው ነገር ማለት ነው። ይህ ሁሉ ከአየር ላይ ሲታይ አንድ ቀጭን መስመር ነው። እኔ ግን ዋናው ታሪክ መስመሩ ነው እላለሁ።

አንድ አንባቢ «ደኑን ያቆየው እምነት አይደለምን?» ቢል ትክክል ነው። ታቦቱ ባይከበር ኖሮ ደኑ ለካቡ ባልደረሰ ነበር። ዳሩ ግን ክብሩ መጥረቢያን ቢከለክልም ከብትን አልከለከለም። እምነቱ እጅ ሲያገኝ ነው ካብ የሆነው።

ነገሩ ለእኛ ለከተሜዎቹም ሩቅ አይደለም። በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከመካኒሳ እስከ ለቡ፣ ከጀሞ እስከ ሃና ማርያም፣ በሕንፃና በአስፋልት መካከል ጥላ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ነው። ስለ ዛፍ የምናወራው ግን በአብዛኛው በተከላ ቋንቋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ታወጀ። ቁጥሩም እንደ አየር ላይ ፎቶግራፍ ነው፤ ከሩቅ ያስደንቃል። በበጋ ውኃ ያጠጣውን፣ አጥሩን የጠገነውን፣ ኩሬው ውስጥ የወደቀውን ፌስታል ያወጣውን ሰው ግን አያሳይም። ለመትከል ቀን ይቆረጣል፣ ካሜራ ይጠራል። ለመጠበቅ ቀን የለውም፤ ዓመቱ ሁሉ የእርሱ ነው።

ስለዚህ ፊልሙን እዩት እላለሁ፤ ይገባዋል። ስታዩት ግን ዓይናችሁን ከክቡ መካከል ወደ ጠርዙ መልሱት። ለሠሪዎቻችንም አንድ አደራ አለኝ፦ የሚቀጥለውን ፊልም የሚሠራ ሰው ካሜራውን መሬት ላይ ያኑር፤ ድንጋይ ሲነሣ፣ ክፍተት ሲደፈን፣ ሽማግሌው ጥጃ ሲመልሱ ያሳየን። ውበቱ አይቀንስም፤ ባለቤት ያገኛል እንጂ።