«የመጀመሪያው ሰፋሪ»፦ የካናዳ የአካባቢ ታሪክ መጻሕፍት እንደ ስም ምንጭ

አልበርታና ሳስካችዋን በ1905 (እ.ኤ.አ.) ክፍለ ሀገር የሆኑበትን 75ኛ ዓመት ሲያከብሩ፣ የየወረዳው ኮሚቴዎች ዳጎስ ያሉ የታሪክ መጻሕፍት አሳትመዋል። ሰፋሪ ቅድመ አያቱን የሚፈልግ ሰው ዛሬም አስቀድሞ የሚገልጠው እነዚህን ነው።

ለስም አጥኚ ትልቅ ሀብት ናቸው። ቤተሰቡ ታሪኩን በራሱ ቃል ስለሚጽፍ፣ ዩክሬናዊው ቫሲል ዊልያም፣ ህሪሆሪ ደግሞ ሃሪ ሲሆን በአንድ ገጽ ላይ ይታያል። የመንግሥት መዝገብ ያንኑ ሰው «ጋሊሲያዊ» ወይም «ኦስትሪያዊ» ብሎ ያልፈዋል። (የቋንቋና የግዛት ስም መምታታቱ ለእኛም አካባቢ እንግዳ አይደለም።)

ድክመታቸው ከስም ማውጫው ይጀምራል፤ ሚስት በባሏ ስም ሥር ስለምትገባ የእናት ወገን የዘር ሐረግ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቆረጣል። የባሰው ግን «የመጀመሪያው» የሚለው ቅጽል ነው። የ1872ቱ የመሬት ሕግ ለሰፋሪ በ10 ዶላር ክፍያ 160 ኤከር ሲፈቅድ ክሪዎች በዚያው ሜዳ ይኖሩ ነበር፤ ስድስተኛው ውል የተፈረመው በ1876 ነው። በብዙዎቹ መጻሕፍት ግን ጊዜ የሚቆጠረው ተራኪው ቤተሰብ ከጋሪው ከወረደበት ዕለት አንሥቶ ነው፤ ከዚያ በፊት ባሉት ዐረፍተ ነገሮች ሣር እንጂ ሰው ባለቤት ሆኖ አይገባም። ቀኖቹን ከመሬት ማመልከቻ ሰነዶች ጋር ማመሳከር ግድ ነው። ቤተሰቡ ስሙን እንዴት ይጠራ እንደነበር ለማወቅ ግን ከእነዚህ መጻሕፍት የተሻለ የታተመ ምንጭ አላገኘሁም።