ሦስት ወይስ አራት? ስለ ጣምራ ሁነቶች አቆጣጠር የቀረበ ሂሳዊ አስተያየት

የፕሮባቢሊቲ ትምህርት ሲጀመር ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚቀርበው የማባዛት ደንብ ነው። ይኸውም አንድ ሳንቲምና አንድ ዳይስ አብረው ቢጣሉ 2 በ6 ተባዝቶ 12 ውጤቶች ይገኛሉ የሚለው ነው። ደንቡ ትክክል ነው፤ ወቀሳችን የሚያርፈው በአቀራረቡ ቅደም ተከተል ላይ ነው።

ሁለት ሳንቲሞች ቢወረወሩ ስንት ውጤት ይኖራል ተብሎ ሲጠየቅ፣ «ሁለቱም ዘውድ፣ ሁለቱም ጎፈር፣ ወይም አንድ አንድ» በማለት ሦስት የሚቆጥር ተማሪ ይኖራል። መምህሩም 2×2=4 ብሎ ጽፎ ያልፋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በመምህርነት ዘመኑ እንዲሁ ያደርግ ነበር። መልሱ ታረመ እንጂ አስተሳሰቡ አልታረመም።

ይህ ስሕተት የሰነፍ ተማሪ ስሕተት ብቻ አይደለም። ዝነኛው የፈረንሳይ የሂሳብ ሊቅ ዳላምቤር እ.ኤ.አ. በ1754 በታተመ የኢንሳይክሎፒዲያ ጽሑፉ፣ በሁለት ውርወራ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዘውድ የመውጣት ዕድል 2/3 እንደሆነ ተከራክሯል። ዘውድ በመጀመሪያው ከወጣ ሁለተኛው ውርወራ አያስፈልግም በማለት ሦስት ሁኔታዎችን ብቻ ቆጠረ። ሆኖም የመጀመሪያው ሁኔታ ዕድል 1/2፣ የቀሩት የእያንዳንዳቸው 1/4 ስለሆነ፣ ትክክለኛው መልስ 3/4 ነው። ከእርሱ በፊት በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጋሊሊዮ ነገሩን በሦስት ዳይሶች አብራርቶት ነበር። 9ም ሆነ 10 ድምር በስድስት ዓይነት የቁጥር ጥምረት ይገኛል፤ የየትኛው ዳይስ ቁጥር መሆኑ ሲለይ ግን ከ216 ውጤቶች ውስጥ 9 በ25፣ 10 በ27 መንገድ ይገኛል።

ስለዚህ መዘርዘር ከማባዛት መቅደም አለበት። አንድ የ50 ሳንቲምና አንድ የአንድ ብር ሳንቲም ለተማሪዎቹ ይሰጡ። ሳንቲሞቹ በዓይን ስለሚለዩ «ዘውድና ጎፈር» ከ«ጎፈርና ዘውድ» የተለየ መሆኑ ይታያል። አራቱ ውጤቶች በሠንጠረዥ ከተጻፉ በኋላ ክፍሉ ደጋግሞ እየወረወረ ይመዝግብ፤ ውርወራው ሲበዛ የተለያየ ገጽ የሚወጣበት ጊዜ ወደ ግማሽ መጠጋቱን ይገነዘባል። ደንቡ የዝርዝሩ ማሳጠሪያ ሆኖ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ማባዛት የውጤቶችን ብዛት ይነግራል እንጂ እኩል ዕድል እንዳላቸው በራሱ አያረጋግጥም። ለዚህ ሳንቲሞቹ ሚዛናዊ መሆናቸውና የአንዱ አወዳደቅ በሌላው ላይ ተጽዕኖ አለማድረጉ ያስፈልጋል።

የክፍለ ጊዜ ማነስ ይጠቀስ ይሆናል። ነገር ግን ለዝርዝሩ አንድ ክፍለ ጊዜ የነፈገ ሥርዐተ ትምህርት፣ ሦስት ብሎ የቆጠረውን ተማሪ ለምን እንደተሳሳተ ሳያውቅ ወደሚቀጥለው ክፍል ያሳልፈዋል።