ሸራው አይነክስም

ሰሞኑን የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ለነጻ የትምህርት ዕድል ማመልከቻ የጻፉትን የእንግሊዝኛ ድርሰት ስናርም አንድ ዓረፍተ ነገር አሳቀን፤ ቆይቶ ግን አሳፈረን። ተማሪዋ ሌሊት ነፋስ የቤታቸውን ሸራ እንደቀደደው፣ እናቷም እስኪነጋ ቆመው በእጃቸው ይዘውት እንዳደሩ ጽፋለች። ድርሰቱ ደኅና እየሄደ ሳለ ሸራውን «ላኒየሪ» አለችው። የተቀደደ ማለቷ ነው።

ቃሉን ከየት አመጣችው? እኛው መምህራን ካደልነው የከባድ ቃላት ዝርዝር! ከጎኑ ያሰፈርነው ፍቺ ደግሞ አንዲት ቃል ብቻ ናት፦ «መቅደድ»።

ላኒየሪ የተቀደደ አይደለም፤ የሚቀድድ ነው። ያውም ቀዳጅ ሁሉ አይባልበትም። ምንጩ ላቲን ሲሆን፣ እዚያ ላኒየስ ማለት ባለ ሉካንዳ፣ ሥጋ በላች ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ ቃሉን የምናገኘው በተለይ ስለ እንስሳት አካል በተጻፉ የቆዩ መጻሕፍት ነው፤ ሥጋ ለመቦጨቅ ለተሠራው ጥርስ፣ እኛ ክራንቻ ለምንለው። እንግዲህ ተማሪያችን ሳታውቀው «ሸራችን ይነክሳል» ብላለች ማለት ነው።

በዚሁ በላቲኑ ስም የሚጠሩ ወፎችም አሉ። ሊኒየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ላኒየስ ብሎ የመደባቸው ናቸው። ግራር ላይ የሚያርፈውን፣ ጥቁርና ነጩን፣ ምንቃሩ ቆልመም ያለውን ወፍ ልጆች ሳያውቁት አይቀሩም። አንበጣና እንሽላሊት እሾህ ላይ ሰክቶ እየቦጨቀ ይበላል። ለእሱ ምንቃር ቢባል ያምርበት ነበር።

በአማርኛ እንዲህ አንሳሳትም። ጨርቅ ይቀደዳል፣ ስፌት ይተረተራል፣ ቅርንጫፍ ይዘነጠላል፣ ገመድ ይበጠሳል፣ ሥጋ ይቦጨቃል። «ሸራችን ተቦጨቀ» የሚል ልጅ ቢኖር ክፍሉ በሙሉ ይስቅበታል። እንግሊዝኛ ላይ ስንደርስ ግን ያ ጆሮ የለንም፤ ቃሉ ብርቅ በሆነ ቁጥር ነጥብ ያስገኛል እንላለን። አራሚው ግን እዚያች ቃል ላይ ሲደርስ የእናትየዋን ሌሊት ትቶ መዝገበ ቃላት ያገላብጣል። የከፋው ይሄ ነው።

ብርቅ ቃል ይቅር አንልም፤ ስለ ጥርስ በምናስተምርበት በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ላኒየሪን ብናነሳው ደስ ይለናል። ዝርዝሩን ግን ሰብስበነዋል።

ተማሪዋ «ታዲያ ምን ልበለው?» ስትለን «ቶርን» አልናት። ቅር አላት። «ይቺማ የስድስተኛ ክፍል ናት» አለች። ማመልከቻው የሚገባው ዓርብ ስለሆነ አሁን እንደገና እየገለበጠችው ነው።