ስለ አሮጌው የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታርና «ያልተነካ» ስለሚባለው ድምፅ

አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ከሠሪው እጅ ወጥቶ ከተጫዋቹ እጅ በገባ ጊዜ ሥራው አልቋል ይባላልን? ወይስ ገና ይጀመራል? በአሜሪካ አገር አሮጌ የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር የሚሰበስቡ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ቁርጥ ያለ ነው። መሣሪያው ከፋብሪካ እንደ ወጣ ሳይነካ የቈየ እንደ ሆነ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ቀለሙ የታደሰ፣ መቃኛው የተለወጠ ወይም ሽቦው የተቀጠለ እንደ ሆነ ግን ይወድቃል። ቀለሙ እንደገና የተቀባ መሣሪያ የዋጋውን እኩሌታ ያህል ያጣል ማለት በነጋዴዎቹ ዘንድ የተለመደ አነጋገር ነው። ገዢውም ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት ካቻቪቴ ይዞ ክዳኑን ይፈታል፤ በውስጥ ያለው ብየዳ የመጀመሪያው መሆን አለመሆኑን በመብራት ይመረምራል። ለአንድ ውድ ዕቃ ይህን ያህል መጠንቀቅ የሚያስነቅፍ አይደለም። የሚያስነቅፈው «ያልተነካው» መሣሪያ እውነተኛውን ድምፅ የያዘ ነው ተብሎ ሲነገር ነው፤ በዚህ መሣሪያ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ከሚጠራው ድምፆች ብዙዎቹ የተገኙት በባለቤቱ እጅ ከተነካ ቤዝ ነውና። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።

የመሣሪያው ልደት ሩቅ አይደለም። በ1930ዎቹ ዓመታት በሲያትል ከተማ ፖል ተትማርክ የተባለ ሰው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ቤዝ ሠርቶ ነበር፤ ነገር ግን አልተስፋፋም። ገበያውን የያዘው ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያ፣ በፉለርተን ከተማ፣ በ1951 ያወጣው መሣሪያ ነው። ፌንደር ራዲዮ ጠጋኝ ነበር እንጂ ጊታር ተጫዋች አልነበረም። ከእርሱ በፊት የነበረው ቤዝ ቆመው የሚጫወቱበት ትልቁ ኮንትራባስ ሲሆን፣ እርሱም ለመጓዣ የማይመች፣ ከበሮና መለከት በበዛበት ቦታም ድምፁ የሚዋጥ ነበር። አዲሱ መሣሪያ በትከሻ የሚንጠለጠል ሆነ፤ በአንገቱም ላይ ፍሬት የሚባሉ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ስለ ተተከሉበት ጣት በትክክል ባያርፍም ድምፁ በትክክል ይወጣል። ስሙ «ፕሪሲዥን»፣ ማለት ትክክለኛነት፣ የተባለውም ስለዚህ ነው። የሚነዝረው የክሩ ርዝመት 86 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ገደማ ይነዝራል። ከክሮቹ በታች ማግኔትና በላዩ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ አለ፤ ይህም ፒክአፕ የተባለው ክፍል የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። በ1957 ፒክአፑ ለሁለት ተከፍሎ የኤሌክትሪኩን ጕርምርምታ የሚያጠፋ ሆነ። በ1960 ደግሞ አንገቱ የቀጠነ፣ ሁለት ፒክአፕ ያለው «ጃዝ ቤዝ» ተጨመረ።

ፋብሪካው ተጫዋቹ መሣሪያውን እንዴት ይይዘዋል ብሎ እንደ ገመተ ከዕቃው ላይ ማንበብ ይቻላል። ከቀጭኑ ክር በታች ትንሽ የጣት መያዣ ተሰክታለች፤ አራቱ ጣቶች እርሷን ይዘው አውራ ጣት ብቻ ክሩን ይመታል ተብሎ ታስቦ ነበር። በፒክአፑና በክሮቹ ማረፊያ ላይም የሚያብረቀርቁ የብረት ክዳኖች ተገጥመዋል፤ ከማረፊያው ክዳን ሥር ክሩን አፍኖ ድምፁን የሚያሳጥር ስፖንጅ አለ። ተጫዋቾቹ ግን በአብዛኛው ይህን ግምት አልተቀበሉትም። በጠቋሚና በመካከለኛ ጣት መጫወት ያዙ፤ ክዳኖቹም እጅ ስለሚያውኩ ብዙዎቹ ፈትተው ጣሏቸው። የመጀመሪያው ማሻሻያ እንግዲህ ሁለት ሦስት ብሎን መፍታት ነበር። ክዳኖቹ ሳይፈቱ፣ ብሎኖቹም ሳይዝጉ ለዘመናችን የደረሰ ቤዝ ፋብሪካው ምን አስቦ እንደ ነበር በትክክል ያስረዳል፤ ለዚህ ጥቅሙ ምስጋና ይገባዋል። ከዚህ አልፎ የሚመሰክረው ነገር ቢኖር እምብዛም ሳይጫወቱበት መቅረቱን ነው።

ሆኖም ክዳኑን ያልጣለ አንድ ታላቅ ተጫዋች ነበረ፤ የነገሩ ፍሬም ያለው በእርሱ ታሪክ ላይ ነው። ጄምስ ጄመርሰን በ1936 በደቡብ ካሮላይና ተወልዶ በ1954 ወደ ዲትሮይት ከተማ ሄደ። በልጅነቱ ዘንግ ከመሬት ተክሎ፣ ክር ወጥሮ፣ ጉንዳኖችን አስጨፍራለሁ እያለ ይጫወት እንደ ነበር ይነገራል። ትረካው በአፈ ታሪክ መልክ የመጣ ቢሆንም ለባህል ተመራማሪ ቀላል አይደለም፤ በመሬት ላይ የሚተከል ባለ አንድ ክር መሣሪያ በአፍሪካ በብዙ ቦታ የታወቀ ነውና። ጄመርሰን ሙያውን የተማረው በኮንትራባስ ነው። የሞታውን የሸክላ ኩባንያ ቤዝ ተጫዋች በሆነ ጊዜ ይዞት የቈየው በ1962 የተሠራ ፕሪሲዥን ነበር። የገጠመበት ክር ወፍራም፣ ላዩም በጠፍጣፋ ብረት የተጠመጠመና ለስላሳ ነው። ይህን ክር ካልተበጠሰ በቀር አይለውጠውም ነበር፤ በክሩ ላይ የሚጠራቀመው እድፍ ለድምፁ ያስፈልገዋል ብሎ ያምን ነበር ይባላል። ክሮቹም ከአንገቱ እጅግ ከፍ ያሉ ስለ ነበሩ ሌላ ሰው መሣሪያውን ሲያነሣ ጣቱ ይደክም ነበር። የፋብሪካውን ስፖንጅ ከክዳኑ ሥር እንዳለ ተወው። ይመታ የነበረውም በአንድ ጠቋሚ ጣት ብቻ ነው።

የዚህ ሁሉ ድምር አንድ ድምፅ ነው። አዲስ ክር ሲመታ ከዋናው ድምፅ በላይ ብዙ ቀጫጭን የብረት ድምፆች ይሰማሉ፤ ያረጀው ለስላሳ ክር ግን እነዚህን ይውጣቸዋል፤ ስፖንጁም የቀረውን ያሳጥረዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ምት እንደ ከበሮ ተወልዶ ወዲያው ይጠፋል፤ ለሚቀጥለውም ቦታ ይለቃል። ፎር ቶፕስ በ1967 ባወጡት «በርናዴት» በተባለው ዘፈን ውስጥ ቤዙ ያለ ዕረፍት ሲሄድ ዘማሪዎቹን ሳያውክ የሚሰማው ከዚህ የተነሣ ነው። ክሩ የሚያስተጋባ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ኖታ እርስ በርሱ በተጨፈለቀ ነበር። እንግዲህ የጄመርሰን የፈጠራ ችሎታና የመሣሪያው አያያዝ ሊለያዩ አይችሉም፤ ብዙ መናገር የቻለው ድምፁ አጭር ስለ ነበረ ነው። በሎስ አንጀለስ ስቱዲዮዎች ትሠራ የነበረችው ካሮል ኬይም በሌላ መንገድ ወደዚሁ ደርሳለች፤ እርሷ ከክሮቹ በላይ የሱፍ ጨርቅ አድርጋ በመምቻ ትጫወት ነበር።

ይህ ነገር ለበገና ደርዳሪ አገር እንግዳ ሊሆን አይገባውም። በበገና ላይ በአውታሩና በበርኩማው መካከል የምትገባው እንዝራ የተባለችው ቍራጭ ጠፍር መሣሪያውን የሚያስነዝረውን ድምፅ ትሰጣለች። ደርዳሪው እርሷን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየገፋ የሚፈልገውን ድምፅ እስኪያገኝ ድረስ ይደክማል። ጄመርሰን በስፖንጅ ያደረገው በውጤቱ ተቃራኒ ነው፤ እንዝራ ድምፅን ታበዛለች፣ ስፖንጅ ይቀንሳል። በአሠራሩ ግን አንድ ነው፤ ከክሩ ማረፊያ አጠገብ ያለች፣ ዋጋዋ ኢምንት የሆነች ቍራጭ የመሣሪያውን ጠባይ ትወስናለች። እንዝራውን ያስተካከለ ደርዳሪ የበገናውን ጥንታዊነት አጠፋ ብሎ የሚከሰው ሰው የለም።

በጄመርሰን ላይ የደረሰው ግን ከዕቃ ነገር አልፎ ያሳዝናል። በሸክላዎቹ ሽፋን ላይ ስሙ አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም ነበር፤ የታተመው በ1971 በወጣው በማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» አልበም ላይ ነው። ኩባንያው በ1972 ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛወረ። ጄመርሰን በ1983 ሲሞት ያ የ1962 ቤዝ ጥቂት ቀደም ብሎ ተሰርቆበት ነበር። ዛሬ በዚያው ዓመት ለተሠራ መሣሪያ ብዙ ሺህ ዶላር የሚከፈልበት አንዱ ምክንያት እርሱ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ሰዎች ጆሮ ውስጥ ያስገባው ድምፅ ነው። ዋጋውን የፈጠረው ተጫዋች ከዋጋው አልተጠቀመም።

የጃኮ ፓስቶሪየስ ታሪክ ከዚህ ይልቅ ደፋር ነው። እርሱ በ1951 ተወልዶ በፍሎሪዳ ያደገ ነው። የያዘው በ1962 የተሠራ ጃዝ ቤዝ ሲሆን ፍሬቶቹ ተነቅለው፣ ክፍተታቸው በእንጨት ማጣበቂያ ተደፍኖ፣ አንገቱ ለጀልባ በሚሆን ኢፖክሲ በተባለ ጠንካራ ሙጫ ተለብጦ ነበር። ፍሬቶቹን ማን እንደ ነቀላቸው የሚነገረው ታሪክ አንድ ዐይነት አይደለም፤ ራሱም በተለያየ ጊዜ የተለያየ ነገር ተናግሯል። ፍሬት የሌለውን ኤሌክትሪክ ቤዝ እርሱ ፈለሰፈው የሚለው አነጋገር ግን ስሕተት ነው፤ አምፔግ የተባለው ፋብሪካ በ1966 እንዲህ ያለ መሣሪያ ለገበያ አውጥቶ ነበር። የጃኮ ፈጠራ ሙጫው ላይ ነው። እርሱ የሚወደው ክር ሻካራና ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ ነው፤ ያ ክር ደግሞ ፍሬት የሌለውን እንጨት እንደ ሞረድ ይበላዋል። ሙጫው እንጨቱን አዳነው፤ ላዩንም እንደ መስተዋት አጠነከረው። በዚህ ላይ ወደ ክሩ ማረፊያ ተጠግቶ ሲጫወትና የኋለኛውን ፒክአፕ ሲያበዛ ቤዙ እንደ ሰው ድምፅ የሚዘምር ሆነ። በ1976 በስሙ ባወጣው አልበም፣ ይልቁንም ዌዘር ሪፖርት ከተባለው ጓድ ጋር በ1977 በሠራው «ሄቪ ዌዘር» ውስጥ ይህ በግልጽ ይሰማል። ሊዮ ፌንደር የትክክለኛነት ማረጋገጫ ብሎ የተከላቸው ዘንጎች ተነቅለው ከቦታቸው የተገኘው ድምፅ፣ ትክክለኛነቱ በጣትና በጆሮ ብቻ የሚጠበቅ ነው።

በሰብሳቢዎች ሕግ ቢመዘን ይህ መሣሪያ የተበላሸ ነው። ኋላም ተሰባብሮ ተጠግኗል፤ በ1986 በኒው ዮርክ ጠፍቶ፣ ባለቤቱ በ1987 ከሞተ በኋላ ብዙ ዓመታት ቈይቶ ተገኘ። ነገር ግን ፍሬቶቹን መልሶ ተክሎ፣ ሙጫውን ፍቆ ወደ ፋብሪካው መልክ ይመለስ የሚል ሰው እስካሁን አልተሰማም። ሕጉ በታወቀ ሰው እጅ ላይ ሲደርስ የሚታጠፍ ከሆነ፣ ባልታወቀ የምሽት ቤት ተጫዋች እጅ ላይ የሚጸናበት ምክንያት ምንድን ነው? ሰብሳቢዎቹ ለዚህ መልስ የላቸውም።

ሁለተኛው ልማዳቸው ስለ ዓመታት ነው። ፌንደር ፋብሪካውን በ1965 ለሲ.ቢ.ኤስ. በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሁሉ፣ በተለይም የ1970ዎቹ፣ እንደ ወረደ ተቈጠረ። በሥራው ላይ ጕድለት መኖሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ማርከስ ሚለር የገዛው የ1977 ጃዝ ቤዝ ከዚሁ ከተናቀው ዘመን ነው። ሮጀር ሳዶውስኪ የተባለው የኒው ዮርክ ጊታር ሠሪ በውስጡ የድምፅ ማጠናከሪያ አስገባለት፤ ሚለርም በአውራ ጣት እየመታ የዘመኑን ቤዝ ጠባይ የለወጠ ድምፅ አወጣበት። ኋላ ፋብሪካው ራሱ ይህን የተለወጠ መሣሪያ እየቀዳ በሚለር ስም ሸጦታል።

ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው በ1990ዎቹ መካከል የተጀመረው ንግድ ነው። ፋብሪካው አዲስ መሣሪያ ሠርቶ ቀለሙን ይፍቃል፣ ብረቱን ያዝጋል፣ ክንድ የሚያርፍበትን ቦታ ያሳጣል፤ «ሬሊክ» ብሎም ከፍ ባለ ዋጋ ይሸጣል። ያልተነካ ዕቃ ይወደዳል በተባለበት ገበያ ውስጥ፣ በማንም እጅ ያላረጀ እርጅና ዋጋ አገኘ። መልኩ ያምራል፤ ነገር ግን ጭረቱ የማንንም ምሽት አይናገርም።

ይህ ሲባል ማሻሻያ ሁሉ መልካም ነው ማለት አይደለም። በ1970ዎቹ ብዙ ባለቤቶች ሌላ ፒክአፕ ለመጨመር ጥሩውን እንጨት በመሮና በማሽን ጐድጕደውታል፤ ከዚያ ሁሉ ጕድጓድ ውስጥ ጆሮን የሚያረካ ድምፅ የወጣው ጥቂት ነው። የጄመርሰን ስፖንጅ በጣት ተስቦ ይወጣል፤ የተቈረጠ እንጨት ግን አይመለስም። አስተዋይ ባለቤት ይህን ለይቶ ያውቃል፤ የፈታውን መቃኛና ፒክአፕ በጨርቅ ጠቅልሎ ከመሣሪያው ጋር በሣጥኑ ውስጥ ያኖረዋል። እንዲህ ያለ ሰው አሮጌ ቤዝ በመያዙ የሚያገኘው ደስታም ከዋጋው የተለየ ነው። እንጨቱ በማርጀቱ ድምፁ ጣፈጠ የሚባለውን ያህል ላይሆን ይችላል፤ አሮጌ ለስላሳ ክርና ቍራጭ ስፖንጅ በአዲስ መሣሪያ ላይ ቢገጠሙ ከሚፈለገው ድምፅ የሚበልጠውን እጅ ይሰጣሉ። የቀረውን የሚሰጠው ስልሳ ዓመት የሰው መዳፍ ያለሰለሰው አንገት ነው፤ እርሱም የሚታወቀው በመያዝ እንጂ በማየት አይደለም።

ለሙዚየም የሚሰበስብ ተመራማሪ ከሰብሳቢው ነጋዴ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ በእጁ የገባ እንደ ሆነ ከማጽዳቱ በፊት ክሮቹ ምን ዐይነት እንደ ሆኑና ስንት ጊዜ እንደ ቈዩ፣ ከአንገቱ ምን ያህል ከፍ እንዳሉ፣ ከክዳኑ ሥር ምን እንደ ተወተፈ፣ ቀለሙ በየትኛው ወገን እንደ ተላጠ፣ እያንዳንዱን ለውጥ ማን በስንት ዓመተ ምሕረት እንዳደረገው በመዝገብ ካርዱ ላይ ይጽፋል፤ ስፖንጁንም፣ የተፈረካከሰ ቢሆን እንኳ፣ በወረቀት ጠቅልሎ ቍጥር ይሰጠዋል።