የራስን ትውልድ ማገልገል፦ ስለ መጋቢነት ሙያ

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 13 ሐዋርያው ጳውሎስ በጲስድያ አንጾኪያ ምኩራብ ሲያስተምር፣ ዳዊት በገዛ ዘመኑ የእግዚአብሔርን ሐሳብ አገልግሎ ወደ አባቶቹ እንደ ሄደ ያወሳል። ይህ አነጋገር የክርስቲያን ጥሪ ሰፊም የተወሰነም እንደ ሆነ ያሳያል፤ ሐሳቡ የእግዚአብሔር ስለ ሆነ ሰፊ ነው፣ አገልጋዩ ግን የሚኖረው በአንድ ዘመንና በሚያውቃቸው ሰዎች መካከል ስለ ሆነ የተወሰነ ነው። መጋቢነት፣ ማለትም ምእመናንን በቃልና በእንክብካቤ የመጠበቅ ሥራ፣ ሁለቱን አጣምሮ መያዝን የሚጠይቅ ሙያ ነው።

የሙያው ትልቁ ክፍል የሚሠራው ከመድረክ በፊት ነው። መጋቢ ለስብከት ሲዘጋጅ የመጽሐፉን ክፍል እንደሚያጠና ሁሉ የሰሚዎቹንም ኑሮ ማጥናት አለበት፤ ይህም በለቅሶ ቤት፣ በሕሙማን አልጋ አጠገብና በቤት ለቤት ጉብኝት የሚገኝ እውቀት ነው። ልጇ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ የጠፋባት እናት ለጸሎት የምታቀርበው ርእስ ከአንድ ዐረፍተ ነገር አይበልጥም፤ ከዚያ በስተኋላ ያለውን ዕዳ፣ የደላላውን ተስፋና የቤተ ዘመዱን ግፊት የሚያውቀው ግን አብሯት የተቀመጠ ብቻ ነው። ቢሆንም ዘመኑ የሚመኘውን ሰምቶ መድገም አገልግሎት አይባልም። የብልጽግና ወንጌል የሚባለው፣ እምነት ሀብትና ጤንነትን ያስገኛል የሚለው ትምህርት፣ የድኻውን ጭንቀት በትክክል ሰምቷል፤ መልሱ ግን ድህነቱን የእምነት ማነስ ውጤት አድርጎ በተጨነቀው ሰው ላይ ሁለተኛ ሸክም ስለሚጭን እጅግ የሚያሳዝን ነው።

ዘመንን አጥርቶ በማንበብ ረገድ የቄስ ጉዲና ቱምሳ ሕይወት ጥልቅ ጥናት ይገባዋል። ጉዲና በነቀምት የሚስዮን ሆስፒታል በሕክምና ረዳትነት የሠራ፣ በኋላም በአሜሪካ ሚኒሶታ ነገረ መለኮት የተማረ ሰው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኖ አገልግሏል። በዚያን ጊዜ የምዕራባውያን ለጋሾች ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክና ለልማት ገንዘብ ሲሰጡ ለወንጌል ስብከትና ለአገልጋዮች ሥልጠና ግን እጃቸውን ይሰበስቡ ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ እ.ኤ.አ. በ1972 ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችውና ጉዲና ዋና ድርሻ በነበረበት ደብዳቤ፣ የሰው ልጅ አካሉና ነፍሱ ተለያይተው የሚረዱ ፍጥረት እንዳልሆነ፣ ሰውን ከውስጥ ነፃ የማያወጣ ልማትም ጎዶሎ እንደ ሆነ አስረድታለች። ይህ አመለካከት ከጊዜ በኋላ ሁለንተናዊ አገልግሎት፣ ይኸውም ለመላው ሰው የሚሰጥ አገልግሎት፣ ተብሎ ታውቋል። የደብዳቤው ጥንካሬ ከሐሳቡ ጥልቀት ባልተናነሰ ከቀረበበት አኳኋን የመጣ ነው፤ ስለ በጀት መስፈርት የሚነሣን ተራ የሚመስል ጥያቄ ይዞ፣ ሰው ማን ነው ወደሚለው የነገረ መለኮት ጥያቄ አድርሶታል። በሆስፒታል ቁስል ያጠበ እጅ ሰውን ከፍሎ ለማየት እንደማይቀለው መገመት ይቻላል።

የ1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. የ1974) አብዮት ሲመጣ ጉዲና የፍትሕን ጥያቄ የቤተ ክርስቲያንም ጥያቄ አድርጎ ተቀበለ፤ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት አፈ ቀላጤ እንድትሆን ግን አልፈቀደም። ተደጋግሞ ታሰረ፤ ከአገር የመውጣት ዕድል ቢቀርብለትም ከምእመናኑ ጋር መቆየትን መረጠ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 28 ቀን 1979 በአዲስ አበባ በኡራኤል መካነ ኢየሱስ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መርቶ ሲወጣ ታፍኖ ተገደለ፤ አስከሬኑ የተገኘው ወታደራዊው መንግሥት ደርግ ከወደቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ባለቤቱ ጸሐይ ቶለሳም ለዓመታት በእስር ተሠቃይታለች።

ዛሬ በዚህ ሙያ የሚሠማራ ሰው የጉዲናን ደብዳቤ መድገም አይበቃውም፤ ጥያቄው ተለውጧልና። በብዙ አጥቢያዎች አሁን የሚያስጨንቀው በብሔርና በጦርነት የተቃቃሩ ምእመናን በአንድ ማዕድ የሚቀርቡበት መንገድ ነው፤ መጋቢውም በየትኛው ቋንቋ እንደሚያስተምር፣ ለሽምግልና እነማንን እንደሚያሠለጥን፣ የማንን ለቅሶ እንደሚደርስ፣ በጉባኤ ጸሎትም የየትኛውን ወገን ሐዘን በስሙ እንደሚጠራ ከእሑድ እስከ እሑድ መወሰን ይኖርበታል።