«ኔትወርክ የለም» ስለሚባለው ምክንያት

ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ማሾ የሚገዛ ነጋዴ ዛሬ ገንዘቡን በእጅ ስልኩ መላክ ይችላል። ልኮ ሳለ ስልኩ ዝም ሲል «ኔትወርክ የለም» ይባላል፤ ነገሩም በዚሁ ያልቃል። እኛ ግን ይህ ፍርድ የችኮላ ነው እንላለን፤ ኔትወርኩ ተመልሶ ሳለ አፑ ብቻ ደንዝዞ የሚቀርበት ጊዜ አለና።

ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው። በቲሲፒ ሥርዐት ስልኩና ሰርቨሩ የሚገናኙበት ጫፍ ሶኬት ይባላል። ግንኙነቱ በደንብ ሲዘጋ አንዱ ለሌላው ስንብት ይልካል። ምልክቱ በድንገት ሲጠፋ ግን ስንብት የለም። ጥያቄው ደርሶ መልሱ በመንገድ ከቀረ፥ ሶኬቱ የሞተውን መሥመር ሕያው መስሎት ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው አርኤፍሲ 1122፥ «አለህ ወይ?» እያለ የሚጠይቀው ኪፕአላይቭ ካልታዘዘ እንዳይሠራ፥ ቢታዘዝም የተለመደው ቆይታው ከ2 ሰዓት እንዳያንስ ደንግጓል። በሊኑክስም ልኩ 7,200 ሴኮንድ ነው። 2 ሰዓት የሚታገሥ ገበያ የለም፤ ስለዚህ ገደቡን ማበጀት የአፑ ጸሐፊ ፈንታ ነው።

ይህን ፈርተው ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ ግንኙነት የሚከፍቱትንም አናመሰግንም። በደካማ ምልክት ላይ እያንዳንዱ መክፈት ራሱ ጊዜ ይበላል። ደግሞም ቀድሞ የዘጋው ወገን፥ የዘገዩ ፓኬቶች ከአዲሱ ግንኙነት ጋር እንዳይደባለቁ፥ ታይም ዌይት በሚባለው ሁኔታ ይቆያል። ይህ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው አርኤፍሲ 793 መሠረት 4 ደቂቃ፥ በሊኑክስ 60 ሴኮንድ ነው። ጥያቄ በሚያበዛ የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ፖርቱ እስኪያልቅ ሊከማች ይችላል።

እንግዲህ የሚሻለው መካከለኛው መንገድ ነው። ሕያው መሥመር ደጋግሞ ይሠራበት፤ ለመገናኘትም፥ መልስ ለመጠበቅም በሴኮንድ የተቈጠረ ገደብ ይኑር፤ ገደቡ ሲያልፍ ሶኬቱ ይዘጋ። እንደ ገና የሚላከው ክፍያም የፊተኛውን መለያ ቍጥር ይያዝ፥ ሰርቨሩም ያን አይቶ ድጋሚውን ይለይ፤ አለዚያ ነጋዴው ለአንድ ኩንታል ማሾ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ኔትወርክ በእርግጥ የሚጠፋበት ጊዜ መኖሩን አንክድም። ነገር ግን መሥመር ከቶ አይቋረጥም ብሎ ፕሮግራም መጻፍ አገርን አለማወቅ ነው። በአዲስ አበባ ቢሮ ብቻ የተሞከረ አፕ ገና አልተፈተነም። ጥያቄው ከተላከ በኋላ የስልኩ ዳታ ይጥፋ፤ ጥቂት ቆይቶም ይመለስ። ያን ጊዜ ጥፋቱ የኔትወርኩ ይሁን የጸሐፊው ይለያል።