የራስ ቁሩ ሲወልቅ፤ የቆዳ ቀለም በአሜሪካ ሥዕላዊ ታሪኮች

በሥዕልና በአጫጭር ንግግር ታሪክ የሚያወሩት፣ በተለምዶ «ኮሚክ» የምንላቸው መጽሔቶች፣ በእኛ ዘንድ የልጆች ጊዜ ማሳለፊያ እንጂ የምርምር ጉዳይ ተደርገው አይታዩም። ይሁን እንጂ አንድ ሕዝብ ለልጆቹ የሚሥለው ሰው ምን እንደሚመስል መመርመር፣ ያ ሕዝብ ሰው ብሎ የሚቆጥረው ማንን እንደ ሆነ ከመመርመር አይለይም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው በአሜሪካ ኮሚኮች የጥቁር ሰው ፊት እንዴት እንደ ተሣለ ነው፤ ለዚህም ዋና ማስረጃ አድርገን የወሰድነው በ1953 የታተመውን «የፍርድ ቀን» የተባለውን ታሪክ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ኅትመቱ አሠራር ጥቂት መናገር ይገባል። የዚያ ዘመን ኮሚክ በርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ላይ በአራት ቀለም ይታተም ነበር፤ ይኸውም በጥቁር፣ በቢጫ፣ በቀይና በሰማያዊ። ሠዓሊው መስመሩን በጥቁር ቀለም ይሥላል፤ ሌሎቹን ቀለሞች ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ይመርጣል፤ የማተሚያውን ሰሌዳ የሚያዘጋጀው ደግሞ ሦስተኛ ሰው ነው። የነጩ ሰው ቆዳ ከቢጫና ከቀይ ረቂቅ ነጠብጣቦች በቀላሉ ይገኛል። የጥቁሩ ሰው ግን ቀለሞቹ ሲደራረቡበት ብዙ ጊዜ ጭቃ ወይም አመድ ይመስል ነበር። ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በማተሚያው መኪና ላይ መጣል ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ዊል አይስነር ከ1940 ጀምሮ ባወጣው «ስፒሪት» ውስጥ ያለው ኤቦኒ ዋይት የተባለው ልጅ ከንፈሩ ተጋኖ፣ ዓይኑ ፈጦ የተሣለው ቀለም ስላነሰ አይደለም፤ ያ መልክ የመጣው በ19ኛው መቶ ዓመት ነጮች ፊታቸውን አጥቁረው በጥቁሮች ላይ ይሣለቁበት ከነበረው የመድረክ ልማድ ነው። እንግዲህ ነውሩ በቀለሙ ብቻ ሳይሆን በመስመሩም ውስጥ አለ። በ1947 ኦሪን ኤቫንስ የተባለ የፊላደልፊያ ጋዜጠኛ፣ ጸሐፊዎቹም ሠዓሊዎቹም ጥቁሮች የሆኑበትን መጽሔት በማውጣት ይህን ለማቅናት ቢሞክርም፣ መጽሔቱ ከመጀመሪያው ቁጥር አላለፈም።

«የፍርድ ቀን» የወጣው ኢ.ሲ. በተባለው አሳታሚ «ዊርድ ፋንታሲ» መጽሔት፣ በቁጥር 18 ላይ ነው፤ ደራሲው አል ፌልድስታይን፣ ሠዓሊው ጆ ኦርላንዶ ናቸው። ታርልተን የተባለ የምድር መልእክተኛ ሮቦቶች ብቻ ወደሚኖሩባት ዓለም ይሄዳል፤ ተግባሩም ነዋሪዎቹ ከዋክብትን ከሚያስተባብረው ሪፑብሊክ ጋር ለመቀላቀል በቅተው እንደ ሆነ መመርመር ነው። ብርቱካንማዎቹ ሮቦቶች ፋብሪካቸውንና ሥርዓታቸውን በኩራት ያሳዩታል። ሰማያዊዎቹ ግን በተለየ ሰፈር ይኖራሉ፤ በአውቶቡስም ከኋላ ይቀመጣሉ። ታርልተን ሲመረምር የሁለቱም የውስጥ አካል አንድ ሆኖ ያገኘዋል፤ ልዩነቱ የላይ ልባሱ ቀለም ብቻ ነው። ስለዚህ ገና አልበቃችሁም ብሏቸው ይመለሳል። በመጨረሻው ሥዕል፣ በሮኬቱ ውስጥ ሆኖ፣ እስከዚያ ድረስ ያላወለቀውን የራስ ቁር ያወልቃል። ሰውዬው ጥቁር ነው፤ በፊቱም ላይ የላብ ነጠብጣብ ያበራል። ይህ የታተመው የሞንጎመሪ ከተማ ጥቁሮች በዲሴምበር 1955 የከተማውን አውቶቡሶች አንሳፈርም ብለው ከመነሣታቸው ከሁለት ዓመት በላይ አስቀድሞ መሆኑን ልብ ይሏል።

ታሪኩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብነው ከጓደኞቻችን ጋር ተሰብስበን ነበር። ከመጨረሻው ሥዕል ስንደርስ ሁላችንም ዝም አልን። ከመካከላችን ከቁሩ በታች ያለው ሰው ጥቁር ይሆናል ብሎ የጠበቀ አንድም አልነበረም። ደራሲው ስለ ፈራጁ መልክ አንድ ቃል አልነገረንም፤ ነጭነቱን የጨመርንለት እኛው ነን። ወጥመዱ የተጠመደው ለነጩ አሜሪካዊ አንባቢ ነበር፤ እኛ ግን ጥቁሮች ሆነን ሳለን ተያዝንበት። በሚሲዮን ትምህርት ቤት በተማርንባቸው መጻሕፍት ውስጥ አገር አሳሹ፣ ሐኪሙና ዳኛው ምን መልክ እንደ ነበራቸው ያን ጊዜ ትዝ አለን። አንድ የጥበብ ሥራ አንባቢውን ራሱን ምስክርም ተከሳሽም ለማድረግ ከቻለ፣ የልጆች መጫወቻ ብቻ ነው ሊባል አይገባውም።

የታሪኩ ኃይል በሳንሱርም ታውቋል። በ1954 አሳታሚዎቹ ራሳቸው ያቆሙት የኮሚክ ደንብ በማናቸውም ዘር ላይ መሣለቅን ይከለክል ነበር። ሆኖም ኢ.ሲ. በ1956 መጀመሪያ ላይ በወጣው «ኢንክሬዲብል ሳይንስ ፊክሽን» ቁጥር 33 ታሪኩን ደግሞ ለማተም ሲያቀርበው፣ የደንቡ ኃላፊ ዳኛ ቻርልስ መርፊ ሰውዬው ጥቁር መሆኑ ይቅር አሉ። ፌልድስታይንና አሳታሚው ዊልያም ጌንስ እንቢ አሉ፤ ያ ከተለወጠ ታሪኩ የለምና። ቀጥሎም ላቡ ይሰረዝ ተባለ፤ ይህንም እንቢ ብለው ታሪኩ እንዳለ ታተመ። በእኛ አስተያየት ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ ያስተምራል። ቀለም ብቻ ቢሆን ኖሮ የተቀባ እንጨትም ቀለም አለው። የሚያልበው ግን የሠራና የደከመ ሕያው ሰው ነው። ሳንሱሩ ጥቁረቱን ማስቀረት ሲያቅተው ሕያውነቱን ሊቀንስለት ፈለገ።

ይህን ያህል ካመሰገንን ዘንድ ሁለት ነቀፌታ ማቅረብ ግዴታችን ነው። አንደኛ፣ በታሪኩ ውስጥ መከራ የሚቀበለው ሰማያዊ ብረት ነው። አንባቢው ለቆርቆሮው አዝኖ፣ በመንገድ ላይ የሚያገኘውን ሰው ሳያስታውስ መጽሔቱን ሊዘጋ ይችላል። ደግሞም የሰው ፊት በፋብሪካ እንደ ተለበጠ ልባስ አይደለም፤ የኤቦኒን ውርደት ቀለሙን በመቀየር ብቻ ማንሣት አይቻልምና። ሁለተኛ፣ ታርልተን ፊቱን የሚያሳየው የሚናገረው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ፊቱ የታሪኩ መደምደሚያ እንጂ የታሪኩ ባለቤት አልሆነም። በእርግጥ ያለዚህ መሸፈን ትምህርቱ አይገኝም ነበር፤ ነገር ግን ለአንድ ጊዜ የሚበጅ ዘዴ ቋሚ ልማድ ከሆነ ጉዳት አለው።

ልማድ ለመሆን መቃረቡንም የኋለኞቹ ሥራዎች ያሳያሉ። በ1963 በወጣው «ሳጅን ፊዩሪ» የመጀመሪያ ቁጥር ጌብ ጆንስ የተባለው ጥቁር ወታደር በሰሌዳ አዘጋጆቹ ዘንድ ስሕተት መስሎ ስለ ታየ ቆዳው የነጭ ሆኖ ታተመ፤ የታረመው ከዚያ በኋላ ነው። በ1966 ስታን ሊና ጃክ ከርቢ በ«ፋንታስቲክ ፎር» ቁጥር 52 ጥቁሩን ንጉሥ «ብላክ ፓንተር»ን ሲያቀርቡ፣ በሽፋኑ ላይ ፊቱ በሙሉ በጭምብል የተሸፈነ ነበር፤ መጽሔቱን ከመደርደሪያ የሚያነሣ ገዢ ሰውዬው ጥቁር መሆኑን ከሽፋኑ አያውቅም። ከእነዚህ ሁሉ የተለየው ቻርልስ ሹልስ በጁላይ 31 ቀን 1968 በ«ፒነትስ» ያስገባው ፍራንክሊን ነው። ይህ ልጅ በባሕር ዳር የቻርሊ ብራውንን ኳስ አግኝቶ ይመልስለታል። ቆዳው በቀጫጭን መስመሮች ተመልክቷል፤ ፊቱም ከመጀመሪያው ግልጥ ነው። ቁር የሚያወልቅ፣ የሚደነቅም የለም።

የፊት አሣሣል ፍርድ መሆኑ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ጻድቁን ከነሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ሲሥሉት፣ ኃጥኡን በጎን፣ በአንድ ዓይኑ ብቻ እንዲታይ ያደርጉታል። ሙሉ ፊት ክብር ነው። በዚህ ሚዛን ሲመዘን «የፍርድ ቀን» ለጥቁሩ ሰው የፈራጅነትን ወንበርና የላቡን እውነት ሰጥቶታል፤ የፊቱን ክብር ግን የሰጠው በመጨረሻዋ አንዲት ሥዕል ብቻ ነው። ፍራንክሊን በፈንታው ግልጥ ፊት ቢያገኝም የተሰጠው ሥራ ኳስ መመለስ ነበር። ሁለቱ በአንድነት የተገኙበትን፣ ማለትም ጥቁር ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፊቱን ገልጦ የሚፈርድበትን ሥራ መፈለግ የሚቀጥለው ምርመራችን ይሆናል። እስከዚያው ግን እያንዳንዳችን፣ ፊቱ ላልታየን ሰው ከልባችን የምናለብሰው የማንን መልክ እንደ ሆነ ራሳችንን እንድንጠይቅ ለመምህራኖቻችንና ለጓደኞቻችን እናሳስባለን።